«ስርገት»፦ አንድ ቃል፣ አራት ነገር (በአፈር ውስጥ ስለሚደረገው የውኃና የሟሚ ጉዞ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ)

ውኃ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ፣ በውኃው ውስጥ የሟሙት ማዳበሪያዎች፣ ጨዎችና መርዞችም ከውኃው ጋር ወይም ከውኃው ዘግይተው እንዴት እንደሚሄዱ የሚያስተምር አንድ የትርጉም ረቂቅ በቅርቡ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። ረቂቁ የተዘጋጀው በመስኖና በአፈር ጥበቃ ሥራ ለሚሠማሩ ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ነው። ተርጓሚው አማርኛው የጠራ፣ ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ሰው ነው፤ ሥራውንም ያለ ረዳት ብቻውን ነው የተወጣው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሒስ የሰውየውን ትጋት የሚያሳንስ ሆኖ እንዳይታይ አስቀድሜ አሳስባለሁ። የምነቅፈው የጋራ ልማዳችንን ነው፤ ረቂቁ መነሻ የሆነው ልማዱን አጉልቶ ስላሳየ ብቻ ነው።

ልማዱ ይህ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ስያሜ ሲያጋጥመን ትርጉሙ ቀረብ ያለ አንድ የአማርኛ ግሥ እንፈልጋለን፤ ግሡን ወደ ስም እንለውጣለን፤ ስሙ እንደ ተገኘም ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ስያሜ ሲመጣ ያንኑ ስም እንደግመዋለን። በረቂቁ ውስጥ «ስርገት» የሚለው ቃል በአራት ልዩ ልዩ ነገሮች ላይ ወድቆ ይገኛል። ውኃ ከምድር ገጽ ወደ አፈር ሲገባ «ስርገት» ነው፤ የተክል ሥር ከሚደርስበት ወሰን አልፎ ወደ ታች ሲወርድ «ስርገት» ነው፤ ከግድብ ወይም ከቦይ ጎን ሲወጣ «ስርገት» ነው፤ ውኃው ጨው ወይም ናይትሬት ይዞ ሲወርድም «የጨው ስርገት» ተብሏል።

ለተራ ጨዋታ ይህ ጉዳት የለውም። ለመለኪያ ሰው ግን አራቱ ነገሮች አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

1. መለኪያው የቃሉ ዳኛ ነው

የመጀመሪያውን የሚለካ ሰው የብረት ቀለበት በመሬቱ ላይ ይተክልና ውኃ ይሞላበታል፤ ከዚያም የውኃው ገጽ በሰዓት ስንት ሚሊሜትር ዝቅ እንዳለ ይመዘግባል። ቁጥሩ በመጀመሪያ ከፍ ይላል፣ እየቆየ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ደረቅ አፈር ውኃን የሚወስደው በስበት ብቻ ሳይሆን በራሱም የመምጠጥ ኃይል ነው፤ እየጠገበ ሲሄድ ይህ ኃይል ይደክምና ስበቱ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛውን ለመለካት ግን ከሥር በታች መውረድ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1870 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት ሦስት የወራጅ ውኃ መለኪያዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አፈሩ ከተፈጥሮ አቀማመጡ ሳይናወጥ ከሥሩ እየተቆፈረና እየተደገፈ፣ 20፣ 40 እና 60 ኢንች ጥልቀት ላይ የደረሰው ውኃ ተጠራቅሞ ይለካ ነበር። ሦስተኛውን የሚለካ ሰው ደግሞ የሚመለከተው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ የግድቡን ግርጌ ወይም የቦዩን ዳር ይጠብቃል። አራተኛውን የሚለካ ሰው የሚቆጥረው ውኃ እንኳ አይደለም፤ ከአንድ ሄክታር ስንት ኪሎግራም ናይትሮጅን ወይም ጨው እንደ ወረደ ነው።

እንግዲህ ቦታው የተለየ፣ አቅጣጫው የተለየ፣ መሣሪያው የተለየ፣ አንዳንዴም የሚለካው ነገር ራሱ የተለየ ሆኖ ሳለ ስሙ አንድ ሲሆን ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ምሳሌ ከራሱ ከረቂቁ ማቅረብ ይቻላል። ስለ መረሬ መሬት በሚናገረው ምዕራፍ «የመረሬ ስርገት ከፍተኛ ነው» ይላል፤ ጥቂት ገጾች አልፎ ደግሞ «የመረሬ ስርገት እጅግ ዝቅተኛ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። መረሬ በበጋ ይነቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በንቃቃቱ ገብቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥና ንቃቃቱ ሲዘጋ ግን ውኃ በላዩ ይተኛል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ትርፉን ውኃ ከማሳ የሚያስወጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። በዋናው ጽሑፍ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በንቃቃት ስለሚወርደው ውኃ፣ ሁለተኛው በጠገበ አፈር ገጽ ስለሚገባው ውኃ ይናገራል። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን እርስ በርስ የሚጣሉ ሆኑ። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ስሕተት ነው ብሎ ይሰርዛል፤ የትኛውን እንደሚሰርዝም ማንም አያውቅም።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ ቃል አጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቅር በተባለ ነበር። ነገር ግን ቋንቋው ድኻ አይደለም። መሬት ውኃ ይጠጣል፤ ይጠግባል፤ ይጠማል። ውኃ ይሰርጋል፤ ይዘልቃል፤ ይተኛል፤ ያቁራል። እንስራ ያዣል። ዘለቀ ሲባል ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ መድረስን ያመለክታል፤ ሰረገ ግን ገብቶ መሰወርን እንጂ መድረሻውን አይናገርም። ስለዚህ «ስርገት»ን በገጽ ለሚገባው ውኃ ብቻ ብንተውለት፣ ከሥር ወሰን ለሚያልፈው «ዝልቀት» ብንል፣ ከግድብና ከቦይ ጎን ለሚወጣው «ማዠት» ብንል፣ የአገሬው ሰው ሳይማር የሚለየውን እኛ ተምረን አናደባልቀውም ነበር።

2. ስለ «ስርጸት»

ረቂቁ በአንዳንድ ቦታ «ስርገት»ን ትቶ «ስርጸት» ይላል፤ ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ይዟቸዋል። በድምፅ መቀራረባቸው ያሳሳተው ይመስላል። «ሠረጸ» በግዕዝ በቀለ፣ ወጣ፣ ተገኘ ማለት ነው፤ በሃይማኖት ትምህርት መንፈስ ቅዱስ ከአብ ስለ መውጣቱ የሚነገረው በዚህ ቃል መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አቅጣጫው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በዘመናችን አማርኛ ሐሳብ በልብ «ሰረጸ» ሲባል ወደ ውስጥ መግባትን ማመልከት ጀምሯል፤ ይህም የቋንቋ እድገት ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ለሳይንስ ስያሜ ሲፈለግ የቃሉን ሁለት ፊት ማወቅ ይገባል።

በእኔ አስተያየት «ስርጸት» ለሌላ ነገር እጅግ የሚስማማ ቃል ነው። ውኃው ጸጥ ብሎ ቢቆም እንኳ የሟሟው ጨው ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ ይሄዳል፤ ፈረንጆች «ዲፊዩዥን» ይሉታል። ይህ ከምንጩ እየወጡ መስፋት ነው፤ የግዕዙ ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይደግፈዋል። ረቂቁ ግን ይህን «ስርጭት» ብሎታል። ቀጥሎም የውኃው ክሮች ገሚሱ በሰፊ ቀዳዳ ፈጥነው፣ ገሚሱ በጠባብ ቀዳዳ ዘግይተው በመሄዳቸው ጨው የሚበታተንበትን ሁኔታ «ስርጭት» ብሎታል፤ በመጨረሻም አፈር ውስጥ ያለው የጨው ድልድል «ስርጭት» ሆኗል። የመጀመሪያው ውኃ ባይንቀሳቀስም ይሆናል፤ ሁለተኛው ውኃ ካልተንቀሳቀሰ አይሆንም፤ ሦስተኛው እንቅስቃሴ ሳይሆን አቀማመጥ ነው። የመጀመሪያውን «ስርጸት»፣ ሁለተኛውን «ብተና»፣ ሦስተኛውን «ድልድል» ብንል የሦስቱ ልዩነት ከስማቸው ይታወቃል።

3. ፍጥነት ያልሆነው ፍጥነት

ከሁሉ የከበደውና በሰው ጤና ላይ ሊደርስ የሚችለው ስሕተት «ፍጥነት» በሚለው ቃል ላይ የተሠራው ነው። ሄንሪ ዳርሲ የፈረንሳይዋን የዲዦን ከተማ የውኃ አቅርቦት በሚመለከተው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1856 ያወጣው ሕግ፣ በአሸዋ በተሞላ ቧንቧ የሚያልፈውን የውኃ መጠን በቧንቧው ሙሉ ስፋት፣ ማለትም አሸዋውን ጭምር በያዘው ስፋት ያካፍላል። ውጤቱ በቀን ስንት ሚሊሜትር ተብሎ ይነገራልና መስፈሪያው የፍጥነት ይመስላል። ነገር ግን ውኃው የሚያልፈው በአሸዋው ውስጥ ሳይሆን በአሸዋው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነቱ ከዚህ የበለጠ ነው። ረቂቁ ሁለቱንም «የውኃ ፍጥነት» ብሏቸዋል።

የሚያስከትለውን በቁጥር እንየው። በቀን 10 ሚሊሜትር ውኃ ወደ ታች ያልፋል እንበል፤ ከአፈሩ ይዘት ውስጥም በመቶ 40 ውኃ ነው። የታችኛው የውኃ ገጽ በ2 ሜትር ጥልቀት ይገኛል። «የውኃ ፍጥነት በቀን 10 ሚሊሜትር ነው» ተብሎ የተነገረው ቴክኒሻን ናይትሬቱ ከውኃው ገጽ የሚደርሰው በ200 ቀን ነው ብሎ ያሰላል። እውነቱ ግን 10ን በ0.40 አካፍሎ በቀን 25 ሚሊሜትር ነው፤ ናይትሬቱ በአማካይ በ80 ቀን ይደርሳል። የጉድጓድ ውኃ የሚጠጡ ሰዎች ከተባለላቸው ጊዜ 4 ወር ቀድሞ ናይትሬት ይደርስባቸዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ከሒሳብ ስሕተት ሳይሆን ከአንድ ስም መደገም ነው። የመጀመሪያውን «የፍሰት ልክ»፣ ሁለተኛውን «የውኃ ግስጋሴ» ማለት በቂ ነበር።

በዚያው ላይ ሁሉም ሟሚ እንደ ናይትሬት አይሄድም። አንዳንዱ ከአፈሩ ቅንጣት ገጽ ላይ እየተለጠፈና እየተላቀቀ ይዘገያል፤ የመዘግየቱ ልክ 4 ቢሆን ከላይ ያለው 80 ቀን 320 ቀን ይሆናል። ረቂቁ በቅንጣቱ ገጽ መለጠፍን «መምጠጥ» ብሎታል፤ «መምጠጥ» ግን ወደ ውስጥ መውሰድ እንጂ በገጽ ላይ መያዝ አይደለም። «ልጣፌ» ወይም «ልጥፈት» ከሚሉት አንዱ ቢመረጥ ይሻላል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

4. አጣቢው ማን ነው?

ውኃ በአፈር ውስጥ የሚገኘውን ሟሚ ይዞ መውረዱን ረቂቁ አንዳንዴ «ስርገት»፣ አንዳንዴ «እጥበት» ይለዋል። «እጥበት» ከ«ስርገት» የተሻለ ነው። ዛሬ በከተማ «እጥበት» ሲባል የመኪና ወይም የኩላሊት እጥበት ቀድሞ በአሳብ ቢመጣም፣ ያ ትልቅ እንቅፋት አይደለም። እንቅፋቱ የግሡን ድምፀት ማጥፋቱ ነው።

በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ የመስኖ እርሻዎች፣ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ እየቀረበ ጨው በሥር አካባቢ መከማቸቱ የታወቀ ችግር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ውኃ አጠጥቶ ጨውን ወደ ታች ማውረድና በማንጠፈፊያ ቦይ ማስወጣት መድኃኒት ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ በከባድ ዝናብ ወደ ጥልቅ ሲወርድ ያው ሂደት ጥፋት ነው። ረቂቁ በአንዱ ምዕራፍ «እጥበትን መጨመር ያስፈልጋል»፣ በሌላው «እጥበትን መቀነስ ያስፈልጋል» ይላል። በመጀመሪያው ሰው አጣቢ ነው፤ በሁለተኛው አጣቢው ዝናብ ነው፣ ተጎጂው ሰው። የአማርኛ ግሥ ይህን ያለ ምንም ጭንቅ ይለያል፦ ጨው ማጠብና የማዳበሪያ መታጠብ። ስም እናወጣለን ብለን ግሡን ስንገድለው አድራጊውና ተደራጊው አብረው ይሞታሉ። ስያሜ ሁሉ ስም መሆን አለበት ያለን ማን ነው? አርእስተ ግሥም ስያሜ መሆን ይችላል።

5. ቃል በቃል የተሻገሩ

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸው ሦስት ስያሜዎች የተለየ ሕመም አለባቸው፤ እነሱ የተደጋገሙ ሳይሆን ከባዕድ ቋንቋ አካላቸው ሳይለወጥ የተሻገሩ ናቸው።

«የተመራጭ ፍሰት»፦ ውኃ የአፈሩን አካል ትቶ በንቃቃት፣ በትል መንገድና በበሰበሰ ሥር ቀዳዳ ፈጥኖ መውረዱን ለማመልከት ገብቷል። ማን መረጠው? ውኃ አይመርጥም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የሮተምስቴዶቹ ሎውስ፣ ጊልበርትና ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1882 ባወጡት ጽሑፍ ዝናብ በአፈር ውስጥ ካለው ውኃ ጋር ሳይቀላቀል በክፍት መንገዶች በቀጥታ ሊወርድ እንደሚችል አስተውለው ነበር። አማርኛ ለዚህ «አቋራጭ» የሚል ቃል አለው። «የአቋራጭ ፍሰት» ብንል ሰሚው ወዲያው ይረዳል፤ አቋራጭ የያዘ መርዝ በመንገድ ላይ ሊያስቀረው ከሚችለው አፈር ጋር እንደማይገናኝም ከቃሉ ይገምታል።

«ሰብሮ የመውጣት ኩርባ»፦ በአፈር በተሞላ ቧንቧ ከላይ የተጨመረ መከታተያ ጨው ከታች መቼና በምን ያህል ብቅ እንደሚል የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሰብሮ መውጣት የጦር ሜዳ ቋንቋ ነው፤ ጨው ምሽግ አይሰብርም። «የመዝለቅ ኩርባ» ይበቃዋል።

«የመስክ ይዞታ»፦ በደንብ የራሰ አፈር ትርፉን ውኃ ካወረደ በኋላ ይዞት የሚቀረው ውኃ ነው። «ይዞታ» ግን በአገራችን የመሬት ባለመብትነት ቃል ሆኖ ኖሯል። ገበሬ «የመስክ ይዞታህ ስንት ነው?» ቢባል የሚመልሰው በጥማድ ወይም በሄክታር ነው። «የአፈር መቋጠሪያ ልክ» ብለን ብንሞክረውስ?

ሚዛኑን ለመጠበቅ ከረቂቁ እጅግ ያስደሰተኝን ላንሣ። አፈር ውኃን የሚስብበትን ኃይል ተርጓሚው «የአፈር ጥም» ብሎታል። ይህ ኃይል የሚለካው ቴንሲዮሜትር በሚባል፣ ጫፉ ያልተለበጠ ሸክላ በሆነና ውኃ በተሞላ ቧንቧ ነው፤ አፈሩ ሲጠማ በሸክላው በኩል ከቧንቧው ውኃ ይስባል፣ ሰዓቱም የስበቱን መጠን ያሳያል። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል፤ ነገሩ በጥም ሲነገር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ በእምቅ ኃይል ሲነገር ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። አብዛኛው ተክል ሊወጣው በማይችልበት የመጠውለጊያ ወሰን ጥሙ 1500 ኪሎፓስካል ነው፤ እምቅ ኃይሉ ግን ከዜሮ በታች 1500 ነው። ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ገጽ ሲደባለቁ የደረቀው እርጥብ፣ እርጥቡ ደረቅ ይሆናል።

6. «ማረጋገጥ» ወይስ «መፈተን»?

የረቂቁ የመጨረሻ ክፍል ስለ ሞዴል ነው። «ሞዴል» የሚለውን ቃል እንዳለ መተዉ ደግ አድርጓል። የዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ሞዴሎች በአብዛኛው የተመሠረቱት ሎሬንዞ ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው ቀመር ላይ ነው፤ እሱም የዳርሲን ሕግና ኤድጋር በኪንግሃም እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ያልጠገበ አፈር ያቀረበውን አሳብ ከውኃ ሚዛን ጋር ያጣመረ ነው። በኪንግሃም «የካፒላሪ እምቅ ኃይል» ያለውን የኋላ ሰዎች ስሙን ለውጠውታል፤ ስያሜ ማረም የእኛ ብቻ ዕዳ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሞዴሉ በአንድ ማሳ ልኬት ከተስተካከለ በኋላ ለማስተካከል ባልዋለ ሌላ ልኬት ይመዘናል። ረቂቁ ይህን ሁለተኛ ሥራ «የሞዴሉ መረጋገጥ» ይለዋል። በአማርኛ የተረጋገጠ ነገር አለቀለት፤ ክርክር የለበትም። ነገር ግን በአሸዋማ ማሳ የተመዘነ ሞዴል መረሬ ላይ ሲደርስ፣ ንቃቃትን የማያውቅ ከሆነ፣ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «መፈተን» እላለሁ፤ የተፈተነ ነገር ነገም ይፈተናል። አንድ ባለሥልጣን «ሞዴሉ ተረጋግጧል» እና «ሞዴሉ በዚህ ማሳ ተፈትኖ አልፏል» የሚሉትን ሁለት ዘገባዎች ሲያነብ የሚወስነው ውሳኔ አንድ አይሆንም።

7. የተርጓሚው መልስና መደምደሚያ

ይህን አስተያየት ለተርጓሚው በቃል ባቀረብሁለት ጊዜ የሰጠኝ መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «ለአንድ ነገር አሥር ስም ብታበዛ ተማሪው ስሙን ሲያጠና ነገሩን ይረሳል፤ እኔ ጥቂት ቃል አብዝቼ መጠቀም መረጥሁ» አለኝ። ስያሜ መብዛቱ ሸክም መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን የተማሪው ሸክም የሚቀለው የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስም በመስጠት አይደለም፤ ያ ሸክሙን ከመጽሐፉ አንሥቶ በማሳው ላይ መጣል ነው። ሸክሙ የሚቀለው ስሙን ከሚያውቀው ቃል በማውጣት ነው። «ዝልቀት»፣ «አቋራጭ»፣ «መታጠብ» ለማንም አዲስ አይደሉም።

ስለዚህ ለስያሜ ሥራችን አንድ መመዘኛ አቀርባለሁ፦ ለሚለካ ነገር ስም ስናወጣ ስሙ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚለካና ወዴት እንደሚሄድ ከሌላው ለይቶ ማሳየት አለበት። ከላይ የተባለው በአጭሩ ይህ ነው።

ስርገት፦ ውኃ በምድር ገጽ ወደ አፈር መግባቱ።
ዝልቀት፦ ውኃ ከሥር ወሰን አልፎ ወደ ታች መውረዱ።
ማዠት፦ ውኃ ከግድብ ወይም ከቦይ ጎን ቀስ ብሎ መውጣቱ።
ጨው ማጠብ፦ ሟሚን ሆን ብሎ በውኃ ወደ ታች ማውረድ።
መታጠብ፦ ሟሚ ሳይፈለግ ከውኃ ጋር መውረዱ።
ስርጸት፦ ሟሚ ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ መሄዱ።
ብተና፦ ሟሚ በውኃው ክሮች የግስጋሴ ልዩነት መበታተኑ።
የፍሰት ልክ፦ በአንድ ስፋት በተወሰነ ጊዜ የሚያልፍ የውኃ መጠን።
የውኃ ግስጋሴ፦ ውኃው በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚሄድበት እውነተኛ ፍጥነት።
ልጥፈት፦ ሟሚ በአፈር ቅንጣት ገጽ ላይ መያዙ።

እነዚህ የአንድ ሰው አሳቦች ናቸው። በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደርና በሸዋ ያሉ ገበሬዎች ውኃ በመሬት ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር የሚናገሩባቸው፣ እኔ ያልሰማኋቸው ግሦች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። አንባብያን የሚያውቁትን ከነአገባቡና ከተሰማበት አገር ስም ጋር ጽፈው እንዲልኩ እጠይቃለሁ። ተርጓሚውም ረቂቁን ለማተም እንዳይቸኩል፣ አስቀድሞ ቀለበት ተክሎ ውኃ ለሚለካ አንድ ሰውና መረሬ ለሚያርስ አንድ ሰው እንዲያነብላቸው እመክራለሁ። ሁለቱ በአንድ ቃል አንድ ነገር ከተረዱ ቃሉ ጸንቷል፤ ካልተግባቡ ግን የሚታረመው ቃሉ ነው።